ኒውክለስ ሁልጊዜ ድቡልቡል ነውን?

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ የአቶም ኒውክለስ የሚሣለው ዘወትር በአንድ መልክ ነው፤ ይኸውም ሁለት ዓይነት ቀለም ያላቸው ፍሬዎች ተጣብቀው የሠሩት ድቡልቡል ኳስ ነው። በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 4 የምንገኝ መምህራን፣ ተማሪዎቻችን የሚይዟቸውን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መጻሕፍት ስናስተያይ፣ ቋንቋው ቢለያይም ሥዕሉ አንድ ሆኖ አግኝተነዋል። ለመሆኑ ይህ ሥዕል ምን ያስተምራል? ምንስ ይሸፍናል?

በመጀመሪያ ጥቅሙን መካድ አይገባም። ፕሮቶንና ኒውትሮን ለማስቆጠር ሥዕሉ ይበቃል። እንደ እርሳስ 208 ያሉት ኒውክለሶችም በእርግጥ ድቡልቡል ናቸው። ጉድለቱ ሥዕሉ ለሁሉም የሚሠራ መስሎ መቅረቡ ነው። ከከባዶቹ ኒውክለሶች ብዙዎቹ እንደ እንቁላል ሞላላ ናቸው። ይህን ሐሳብ ጄምስ ሬይንዋተር እ.ኤ.አ. በ1950 አቀረቡ፤ ኦገ ቦርና ቤን ሞተልሰን በኮፐንሃገን አስፋፉት፤ ሦስቱም በ1975 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ታዲያ በዓይን የማይታይ ነገር ሞላላ መሆኑ በምን ይታወቃል? በመሽከርከሩ ነው። በኳንተም ሕግ መሠረት፣ ፍጹም ድቡልቡል የሆነ ኒውክለስ ቢዞር ከቀድሞው አቋሙ የሚለይበት ምልክት ስለሌለው በመላ አካሉ ዞረ ሊባል አይችልም። ሞላላው ግን ይዞራል፤ ጉልበቱም እንደ መሰላል በደረጃ ይወጣል። ደረጃዎቹን 2፣ 4፣ 6 ብንላቸው፣ የጉልበታቸው ንጽጽር እያንዳንዱን ቁጥር በተከታዩ በማባዛት ይገኛል፦ 2×3=6፣ 4×5=20፣ 6×7=42። እንግዲህ ሁለተኛው ደረጃ የመጀመሪያውን 3.33 እጥፍ፣ ሦስተኛው 7 እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው። በዩራንየም 238 የተለካው 44.9፣ 148.4 እና 307.2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሲካፈል 3.3 እና 6.8 ይሆናል።

ጥቂት የጎደለውም ቢሆን ትርጉም አለው። ኒውክለሱ እንደ ድንጋይ ግትር ስላልሆነ ፍጥነቱ ሲጨምር የመሽከርከር ኢነርሺያው ያድጋል። ለማነጻጸር ያህል አንድ ጥሬና አንድ የተቀቀለ እንቁላል በጠረጴዛ ላይ ማሽከርከር ይቻላል። የተቀቀለው በአንድነት ይዞራል፤ የጥሬው ውስጡ ግን ከቅርፊቱ ወደ ኋላ ይቀራል። የኒውክለስ ጠባይ በግትር አካልና በፈሳሽ መካከል ነው፤ ምክንያቱም ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጓዛሉ። ሽክርክሪቱ ሲበረታ ጥንዶቹ መላቀቅ ይጀምራሉ። በ1971 በስቶክሆልም ጆንሰን፣ ሪዴና ስታርኪየር የመሰላሉ ሥርዓት በድንገት ሲለወጥ ያዩት በዚህ ምክንያት ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በ1986 በእንግሊዝ አገር በዳርስበሪ ቤተ ሙከራ ፒተር ትዊንና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ነው። ካልሲየም 48ን በፓላዲየም 108 ላይ ወርውረው ዲስፕሮሲየም 152ን ፈጠሩ፤ 156 ከሆነው ድምር 4 ኒውትሮኖች ወጥተዋል። ይህ ኒውክለስ በሰከንድ ከመቶ ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ በላይ ሲዞር ርዝመቱ የወርዱን እጥፍ ያህል ይሆናል። ፍጥነቱ ሲቀንስ የሚያወጣቸው ጋማ ጨረሮች ጉልበት በ47 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ልዩነት ተራ በተራ ተደርድሮ ተገኝቷል።

ስለዚህ ኳሱ ከመጽሐፍ ይውጣ አንልም። ነገር ግን ከአጠገቡ አንድ ሞላላ ይሣል፤ ሦስቱ የዩራንየም ቁጥሮችም በሰሌዳ ላይ ይጻፉና ተማሪው ራሱ ያካፍል። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጠመኔ ይበቃል። ሥዕሉን ብቻ በቃሉ የያዘ ተማሪ ሌላ ሥዕል ሲመጣበት ይደናገራል። ከቁጥር ተነሥቶ ቅርጽ ያገኘ ተማሪ ግን ሳይንቲስቶቹ ያን ቅርጽ በምን እንዳወቁት ያውቃል። ፊዚክስን የምናስተምረውም ለዚሁ ነው።