ከቆርቆሮው ውስጥ

የቪትዝ የዘይት ፊልትሮ በመዳፍ የሚያዝ፣ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ጣሳ ነው። ዘይት ሲቀየር አዲሱ ከካርቶኑ ወጥቶ ይታሰራል፣ አሮጌው እያንጠባጠበ በርሜል ውስጥ ይጣላል፤ ውስጡን ያየ ባለመኪና ግን ጥቂት ነው። እኔ በዚያች ትንሽ መኪና ካለው ዕቃ ሁሉ፣ በዋጋው ሲመዘን፣ ይህን ያህል የታሰበበት ሥራ አላውቅም። ማየት የፈለገ መካኒኩን ለምኖ የጣሳውን አፍ ዙሪያውን ያስቆርጥ።

መጀመሪያ የሚወጣው ወረቀቱ ነው። ክብ ሆኖ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተሸንሽኗል፤ ተዘርግቶ ሲታይ ከዚያች ጣሳ ወጣ ብሎ ለማመን ያስቸግራል። በጥሩ ፊልትሮ ላይ እጥፎቹ ብዙና ጥልቅ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው እኩል ይርቃል፤ መነሻና መድረሻው የሚገናኝበት መስመር ቀጥ ብሎ ተያይዟል፤ ላይና ታቹም ሙጫ ያልደረሰበት ቦታ የለውም። በርካሹ እጥፎቹ ያንሳሉ፣ ተደራርበው ይተኛሉ፤ አንዳንዴም ሙጫው የዘለለው ቀዳዳ ይገኛል። ዘይት ደግሞ የሚቀለውን መንገድ ስለሚመርጥ በዚያች ቀዳዳ ሳይጣራ ይሾልካል። ወረቀቱ ራሱ ተራ ወረቀት አይደለም። ሬዚን ጠጥቶ በሙቀት የደረቀ ነው፤ ባይሆን ኖሮ 100 ዲግሪ አካባቢ የሚግል ዘይት በጥቂት ቀን ያሟሟው ነበር።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ወረቀቱ ምን እንደሚይዝ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያሳልፍ መወሰኑን ነው። በክራንክ ሻፍቱና በሚዞርበት ማቀፊያ መካከል ያለው ክፍተት የሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ነው። ብረትን ከብረት የሚለየው በዚያ ክፍተት የተነጠፈው ስስ ዘይት ብቻ ነው፤ ክፍተቱን የሚያህል ቅንጣት ከገባበት መፋቅ ይጀምራል። የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ያህል ሲሆን ፊልትሮው የሚያሳድደው 20 እና 30 ማይክሮን የሆነውን፣ ከዚያም የሚያንሰውን ነው። ታዲያ ወረቀቱ ለምን ከዚህ የበለጠ አልጠበቀም? በኅዳር ማለዳ ወፍሮ ያደረ ዘይትም ሳይዘገይ ማለፍ ስላለበት ነው። በጣም የጠበቀ ወረቀት ሞተሩን ያስጠማዋል።

ሠሪው ወረቀቱ የሚደፈንበትንም ቀን አስቦበታል። በሞላ የተደገፈች ትንሽ ቫልቭ አለች፤ በወረቀቱ ሁለት ጎን ያለው የግፊት ልዩነት ወደ 1 ባር ሲጠጋ ተከፍታ ዘይቱን ሳይጣራ ታሳልፋለች። ያልተጣራ ዘይት ሞተርን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ዘይት ማጣት ግን በደቂቃዎች ይገድለዋል። ሁለተኛዋ፣ ከአፉ ሥር ያለችው የጎማ ምላስ፣ መኪናው ሲቆም ዘይቱ ከፊልትሮው ተመልሶ እንዳይፈስ ታግዳለች። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ለአፍታ ከሞተሩ የሚሰማው ደረቅ ኳኳታ አንዳንዴ የዚህች ምላስ መድረቅ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚመጥን እጅም አለ። ጥሩ መካኒክ አሮጌውን ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣቱ ዳስሶ ያረጋግጣል፤ ሁለት ቀለበት ከተደራረበ ዘይቱ መንገድ ላይ ይዘረገፋልና። መቀመጫውን በጨርቅ ይጠርጋል፣ አዲሱን ቀለበት ንጹሕ ዘይት ይቀባል፣ ጎማው መቀመጫውን ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል በእጁ ያጠብቃል። በቁልፍ አይታገልም።

የአየሩ ፊልትሮ ሥራው ሌላ ነው። 1 ሊትር ቤንዚን ለመቃጠል በባሕር ጠለል ላይ 9,000 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል፤ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ከ11,000 ሊትር ያልፋል። የበጋው አቧራ ከዚያ ሁሉ አየር ጋር ይመጣል፤ በአቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣትም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ይጠነክራል። የዚህን ፊልትሮ ጥራት የማውቀው በጠርዙ ነው፦ ዙሪያውን ያለው ጎማ ለስላሳና ወጥ ከሆነ ከሳጥኑ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢያምር በጠርዙ አቧራ ካለፈ ዋጋ የለውም። በኮምፕሬሰር የሚያናፉት ካሉ ግፊቱን ቀንሰው ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ይንፉ። ከዚያም አምፖል ከኋላው ይዞ ማየት ነው፤ ብርሃን እንደ ነጥብ ከወጣ ወረቀቱ ተበስቷል፣ ይጣል።

የኤሲው ፊልትሮ፣ ባለባቸው ቪትዞች፣ ከተሳፋሪው ፊት ካለው ሳጥን ጀርባ ተሰክቷል፤ ሲመለስ በላዩ ያለው ቀስት የአየሩን አቅጣጫ እንዲያመለክት ማድረግ ብቻ ነው። የቤንዚኑ ከፓምፑ ጋር ታንከሩ ውስጥ ስለሆነ የባለመኪና እጅ አይደርስበትም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችን ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ልትሠራ ይገባታል። ስለዚህ አሮጌውን የዘይት ፊልትሮ አስቆርጦ ወረቀቱን መዘርጋት ልማድ ቢሆን እወዳለሁ። በእጥፎቹ መካከል ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ካለ ደህና ነው። የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ከታየ ማግኔት ይጠጋበት፦ ካነሳው ብረት ነው፤ ካላነሳውና ወደ መዳብ ወይም ወደ አሉሚኒየም ካደላ የክራንክ ሻፍቱ ማቀፊያ መፋቅ ጀምሮ ይሆናል። መካኒኩ የጉዳቱ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ያውቀዋል።