ኖራው ሲመለስ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በቡሬና በባሕር ዳር በኩል ጎንደር የዘለቀ መንገደኛ፣ ፋሲል ግቢ ሲገባ ዓይኑ ግንቦቹ አናት ላይ ያርፋል። እኔ ይበልጥ የማደንቀው በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግንቦቹ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር። ሲሚንቶ እርጥበትን አፍኖ ያስቀራል፤ ኖራ ግን ግድግዳውን ያስተነፍሳል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ግቢ፣ ጠጋኞች ያን ሲሚንቶ እያነሡ በኖራ ተክተዋል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ነውና። እንግዳ አገር አቋርጦ የሚመጣው አፄ ፋሲልና ተከታዮቻቸው ያሠሩትን ለማየት ነው፤ የአስጎብኚውም የባለ ሆቴሉም እንጀራ የቆመው በዚያ እውነተኛነት ላይ ነው። ኖራውን የመለሱትን ጠጋኞች እጃችሁ ይባረክ ልንላቸው ይገባል።