«ፔካቱም» እና «ኃጢአት»፦ በአንድ ፍቺ ላይ የቀረበ ሂስ

«ፔካቱም» የተባለውን የላቲን ቃል «ኃጢአት» ብሎ መፍታት በትርጉም ሥራ የተለመደ ነው። ፍቺው ሐሰት ነው አንልም፤ ከቃሉ ዕድሜ የኋለኛውን ክፍል ብቻ የያዘ ጎደሎ ፍቺ ነው እንላለን።

ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት በጻፈው «ፓራዶክሳ ስቶይኮሩም»፣ ፔካታ (የቃሉ ብዙ ቍጥር ነው) ሁሉ እኩል ናቸው ለሚለው የስቶይኮች ትምህርት ሲከራከር የመርከብ መሪን ምሳሌ ያመጣል፤ መሪው የገለበጠው መርከብ ወርቅ ቢጭን ገለባ፣ አለማወቁ ያው አንድ ነው። ግጥም ሲያሰማ አንዲት ቀለም ያጐደለ ተዋናይም በፉጨት ይባረራል። እንግዲህ ደራሲው የምግባርን ጥፋት የሚመዝነው በሙያ ስሕተት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ የቃሉ ስፋት ስለ ሆነ፣ «ኃጢአት» ብቻ ያለ ተርጓሚ ድልድዩን ያፈርሳል። ሆራስማ «ፔካሬ» የሚለውን ግስ በሩጫው መጨረሻ እንዳይሰናከል ለሚሰጋለት ላረጀ ፈረስ አውሎታል፤ በዚህ ፍቺ ከሄድን ፈረሱ የንስሓ አባት ሊያስፈልገው ነው።

ሰዋስዉም ይህንኑ ይመሰክራል። «ፔካሬ» በመሠረቱ የማይሻገር ግስ ነው፤ በተገብሮ ሲነገርም ባለቤት የለውም፤ ሲሴሮ በዚያው ክፍል «ፔካቱር» ሲል ማን እንዳጠፋ አይናገርም። «ፔካቱም» ከዚሁ ግስ የኀላፊ ጊዜ ቅጽል ወጥቶ በግዑዝ ጾታ ስም የሆነ ነው። በእኛ በኩል «በደለ» ተሻጋሪ ነው፤ ተበዳይ ይሻል። «ኃጢአት» ደግሞ በአማርኛ ግሱን አጥቷል። የግዕዙ «ኀጥአ» ማጣትንም መበደልንም ይል ነበር፤ ወደ እኛ የደረሰው «አጣ» ግን የፊተኛውን ብቻ ስለ ያዘ፣ «ኃጢአት ሠራ» ለማለት ተገደናል። በጠባዩ ለላቲኑ የሚቀርበው «ተሳሳተ» ነው፤ ስሙም «ስሕተት»።

በክርስትና ዘመን፣ ይልቁንም ሄሮኒሞስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መጻሕፍትን ወደ ላቲን ከመለሰ ወዲህ፣ «ኃጢአት» ማለት ተገቢ ነው። እዚህም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል፦ አውግስጢኖስ «ፔካቱም ኦሪጊናሌ» ላለው፣ ትምህርቱ በሁለቱ ወገን አንድ ባይሆንም፣ የእኛ ሊቃውንት የያዙት ስያሜ «ጥንተ አብሶ» ነው። «አብሶ» ንዑስ አንቀጽ በመሆኑ የድርጊትነቱን መልክ ከ«ኃጢአት» ይልቅ ጠብቋል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት «ስሕተት»ን አስቀድሞ፣ «ጥፋት»ን አስከትሎ፣ «ኃጢአት»ን ከነዘመኑ ምልክት በሦስተኛ ተራ እንዲያሰፍር እናሳስባለን።