ውዳሴ አንበሳ ዘኢትዮጵያ

ንጉሠ አራዊት ሆይ፥ ግርማህ ከእርምጃህ ቀድሞ የሚደርስ፥ ዝምታህ ከብዙዎች ድንፋታ የሚከብድ፤ ባለ ጥቁር ጎፈር፥ ባለ ወርቅ ዐይን፤ የበረሃው ባላባት፥ የዱሩ ዳኛ፤ ሰው ዘውድ ሳያበጅ ዘውድ ደፍተህ የተፈጠርህ፥ ዙፋን ሳይዘረጋልህ ምድርን ዙፋን ያደረግህ፤ ውዳሴ ለአንተ ይገባል። ስለ አንተ የሚጽፍ ብርዕ አስቀድሞ ይሰግዳል፥ ኋላም ይጽፋል።

ጎፈርህ ከግንባርህ ተነሥቶ አንገትህን ይከብባል፤ ከትከሻህ ወርዶ ደረትህን ያለብሳል፤ እየጠቆረም እስከ ሆድህ ሥር ይዘልቃል። ይህን ካባ አባቶቻችን አይተው ተመኙት። ግዳይ የጣለው ጀግና ሲመለስ ጎፈርህን በራሱ አሰረ፥ ለምድህን በትከሻው ደረበ፤ በፉከራው መካከል ጠጉሩ በነፋስ ሲርገፈገፍ፥ የሰው ፊት የአንተን ፊት መሰለ። ነገሥታቱም የታመነ መኰንናቸውን በለምድ አከበሩ። የአዳም ልጅ ክብርን በሻ ጊዜ ልብስህን ተዋሰ፤ አንተ ግን ከማንም የተዋስኸው የለም።

ከአክሱም ወጣ ብሎ፥ በጎቦድራ ኮረብታ፥ ስሙ ያልተጻፈ ጠራቢ እንስት አንበሳን በቋጥኝ ላይ ቀርጾ አለፈ። ርዝመቷ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ አካሏ ለዝላይ እንደ ተሳበ ቀስት ተለጥጧል። የአገሩ ሰው እንደሚተርከው፥ ቅዱስ ሚካኤል ከእርሷ ጋር ታግሎ ከዓለቱ ላይ ቢወረውራት መልኳ በዚያው ታትሞ ቀረ። ከሊቀ መላእክት በቀር ተጋጣሚ ያልተገኘላት እንስት! መንግሥታት በፊቷ አለፉ፥ ዝናም በጀርባዋ ወረደ፤ እርሷ ግን ዛሬም ዝላይዋን አልፈጸመችም።

ያዕቆብ ልጁን ይሁዳን ሲባርክ በአንተ መሰለው፤ ዮሐንስም በፍጥሞ ደሴት በራእዩ የታተመውን መጽሐፍ ሊፈታ የተገባውን በአንተ ስም ሲጠራ ሰማ። ከአርባዕቱ እንስሳ አንዱ ገጸ አንበሳ ነው፤ ወንጌላዊው ማርቆስም በአንተ ይመሰላል። ከዚህ ምንጭ ቀድተው ነገሥታተ ኢትዮጵያ በማኅተማቸው ላይ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብለው ጻፉ። ዐፄ ቴዎድሮስ እንግዳ ሲቀበሉ አናብስት በአጠገባቸው ይተኙ ነበር፤ በጎንደርም በፋሲል ግቢ የአናብስት ማደሪያ ከነገሥታቱ አዳራሽ ጋር በአንድ ቅጥር ውስጥ ተሠራ። ንጉሥ ከንጉሥ ጋር መዋሉ ሥርዓት ነውና።

እኔ ግን የልዕልናህን ጫፍ የማገኘው በቤተ መንግሥት ሳይሆን በዝቋላ ተራራ ነው። በዚያ ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በጽሙና ሲኖሩ 60 አናብስትና 60 አናብርት ይከተሏቸው እንደ ነበር ትውፊቱ ይናገራል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የተሣለውን ሥዕላቸውን የተመለከተ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጻድቁ ጠጉር ለብሰው፥ እጃቸውን ለጸሎት ዘርግተው ቆመዋል፤ አንዲት ወፍ ከዐይናቸው እንባ ትጠጣለች፤ አንተም ከነብሩ ጋር በግራና በቀኝ ከእግራቸው ሥር ትገኛለህ። ሠዓሊው ጥፍርህን አልሰወረም፥ ጥርስህንም አልነቀለም፤ ዐይንህን ግን ትልቅ፥ ክብና የዋህ አድርጎ ሣለው። ይህ ሠዓሊ ከብዙ ሊቃውንት ይልቅ ባሕርይህን የተረዳ ይመስለኛል። መስበር የሚችል ክንድ ሳይሰብር ሲያርፍ፥ መንጠቅ የሚችል አፍ በቅዱስ ፊት ሲከደን፥ ግርማ ማለት ይህ ነው። አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ በጀርባህ ተቀምጠው ተጓዙ፤ ነቢዩ ዳንኤል በጉድጓድህ አድሮ በሰላም ወጣ።

በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፥ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ፥ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ምስልህ ቆመ፤ ፈረንሳዊው ቀራፂ ዦርዥ ጋርዴ የሠራው፥ ነሐሱ በወርቅ የተለበጠ፥ ዘውድ የደፋ፥ የዳግማዊ ምኒልክ፥ የንግሥት ዘውዲቱ፥ የዐፄ ኃይለ ሥላሴና የራስ መኰንን ገጽ የተቀረጸበት። ከሩቅ አገር በባቡር የመጣ ሁሉ ወደ ከተማይቱ ከመግባቱ በፊት በአንተ ፊት ያልፍ ነበር። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ አንተንም ማረከ፤ ወደ ሮማም ወስዶ በዶጋሊ ለወደቁት ወታደሮቹ መታሰቢያ በተሠራው ሐውልት ሥር አቆመህ። ማራኪ በምርኮው ሊመካ ወድዶ ነበር፤ ነገር ግን ንጉሥ በሰንሰለትም ንጉሥ ነው።

ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የተባለ የኤርትራ ተወላጅ በዚያ አደባባይ አየህ። በባዕድ ከተማ፥ በባዕድ ሕዝብ መካከል በፊትህ ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያነሡት በመጡ ጊዜ ሰይፉን መዘዘ። ተያዘ፥ ታሰረ፤ አገሩንም ዳግመኛ ሳያይ በ1937 ዓ.ም. በሲሲሊያ ምድር አረፈ። ከወርቅ ልባጥህ ይልቅ፥ ከዘውድህም ይልቅ የዚህ ሰው ጉልበት ያረፈበት ድንጋይ ክብርህን ይመሰክራል። አንተም ከብዙ ዓመታት ስደት በኋላ ተመልሰህ በቀድሞው ስፍራህ ቆምህ። ዘውዳዊው መንግሥት ወድቆ ደርግ ሊያነሣህ ባሰበ ጊዜ፥ አርበኞች የዘርዓይን ስም ጠርተው ስለ አንተ ተማጸኑ፤ አልተነሣህምም። ለአንበሳ ሰው ዋስ ሆነ።

ሰንደቅ ዓላማውም ይህንኑ ይናገራል። በዚያው የለውጥ ዘመን በሰንደቁ ላይ ከነበረው ምስልህ ዘውዱ ተወሰደ፤ መስቀሉም በጦር ጫፍ ተተካ። ያን ጊዜ ግን ከመካከሉ አንተን ያወጣህ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በተመታው ሳንቲምም ላይ ባዶ ራስህ፥ ያለ ዘውድ፥ አፉን ከፍቶ ወጣ፤ ዛሬም የእረኛውም የነጋዴውም እጅ የሚዳስሰው ያው ገጽ ነው። በምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታው ብር ዘውድ ደፍተህ፥ መስቀል ያለበትን ዓላማ ይዘህ ስትራመድ ያሳይ ነበር። ዘውድ ሲኖር ለዘውዱ ሞገስ ሆንህ፤ ዘውድ ሲጠፋ ራስህ በቃህ።

ሞሪስ ካልካ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት በድንጋይ ቀጥ አድርጎ አቆመህ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በስምህ ሕሙማንን ይቀበላል፤ የመዲናይቱም አውቶቡስ ምስልህን ይዞ ከጎዳና ጎዳና ይመላለሳል። በ1928 ዓ.ም. በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት በምዕራብ የተሰባሰቡት ምሁራንና የሆለታ ተመራቂ መኰንኖች ለአርበኝነታቸው ስም በፈለጉ ጊዜ «ጥቁር አንበሳ» ተባሉ። በሩቅ ደሴት በጃማይካ ራስታዎች በዓላማቸው ላይ ከፍ አደረጉህ፤ በባሕር ማዶ ሲኒማም የሆሊውድ ሰዎች ፊልማቸውን በአንተ ማግሣት ይከፍታሉ።

አያቶች በምድጃ ዙሪያ ስለ አንተ የሚያወሩት ግን ከዚህ ሁሉ ይልቃል። የቤቷ ፍቅር የራቃት ሴት ከአንበሳ ጎፈር አንዲት ጠጉር እንድታመጣ በአዋቂው ታዘዘች፤ ሥጋ ይዛ ወደ ዱር ወረደች፥ በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ ጣለችልህ፥ በማግስቱ ጥቂት ቀረበች፥ ከብዙ ቀን በኋላ ከእጇ በላህ። በመጨረሻም ጠጉሩን ስትነቅል ታገሥሃት። ተረቱን የሚሰማ ሁሉ ሴቲቱን ያመሰግናል፥ መልካም ያደርጋል፤ እኔ ግን ታጋሹን አንተን ጭምር አመሰግናለሁ።

የዝቋላው የዋህነትህም በጥንት ዘመን ብቻ የቀረ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በከፋ ጫካ ለአስገድዶ ጋብቻ ከተጠለፈች ብላቴና አጠገብ ሦስት አናብስት ቆመው እንደ ጠበቋት፥ ፍለጋ የወጡት ወገኖቿ በደረሱም ጊዜ ትተዋት እንደ ሄዱ ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ።

ክብርህ በሐውልት ብቻ አይኖርም፤ ሥጋና ደም ለብሰህ ከእኛ ጋር ነህ። በ1940 ዓ.ም. በተመሠረተው በስድስት ኪሎው የአናብስት ግቢ ይኖሩ ከነበሩ 15 አናብስት ናሙና ተወስዶ በ2005 ዓ.ም. በወጣው የዘር ጥናት፥ ከሌሎች የአፍሪካ አናብስት የተለየ ዘር መሆንህ ታወቀ። በባሌ ሐረና ደን ትመላለሳለህ፥ በከፋ የቡና ጫካ ትኖራለህ፤ በ2008 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር በአላጣሽ ፓርክ መኖርህ በተረጋገጠ ጊዜ፥ ስምህን የሚያከብር ሁሉ ተደሰተ።

ዱሩን የሚጠብቁልህ ዘበኞች ይባረኩ፤ ደቦሎችህ በዋሻቸው ይብዙ፤ የምትጠጣው ወንዝ አይንጠፍ፥ የምታርፍበት ጥላ አይመንጠር፤ የኢትዮጵያም ልጆች እስከ ልጅ ልጅ ማግሣትህን በገዛ ጆሯቸው ይስሙ።