በጥቂት ገንዘብ ከሩቅ አጥርቶ ስለ ማየት

ከሩቅ ያለውን ነገር አጥርቶ ለማየት የሚሻ ሰው፣ ዒላማውን የሚያነጣጥር ተኳሽ ቢሆን፣ መሬት የሚቀይስ መሐንዲስ ቢሆን፣ ወይም እንደ እኔ በቦርከና ወንዝ ዳር ቆሞ አዕዋፍን የሚመለከትና የሚቈጥር ቢሆን፣ ኪሱ ባነሰ ጊዜ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሁሉ የትኛው ይቅደም፣ የትኛውስ ይቈይ የሚለው ነው። ጥያቄው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ጠመንጃ ከባሕር ማዶ በብዛት ይገባ በነበረበት ዘመን፣ ጥይት በየገበያው ከማርትሬዛ ብር በታች እንደ ምንዛሪ ያገለግል ነበር፤ ጥይት ያለቀበት ጠመንጃ ለባለቤቱ ሸክም ብቻ እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረምና። ዛሬም በሌሎች አገሮች በሩቅ ዒላማ ውድድር የሚካፈሉ ተኳሾች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ከዚህ አይርቅም፤ መካከለኛ ጠመንጃ፣ ጥሩ ማነጣጠሪያ መነጽርና ለልምምድ የሚበቃ ጥይት ያለው ሰው፣ ውድ ጠመንጃ በደካማ መነጽር ከያዘው ሰው እንደሚበልጥ ይናገራሉ። እኔ ይህንኑ ሥርዓት ከዒላማ ወደ አዕዋፍ አሻግሬ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ የከሚሴ ከተማና አካባቢዋ ዛሬ ከምንም ይልቅ የሚያስፈልጋቸው የሚመለከትና የሚመዘግብ ዐይን እንደ ሆነ ስለማምን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ከሚሴ ሲቃረብ የሚያየው ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ ጨፋ ይባላል። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላ እዚህ ሲደርስ ጕልበቱ ይደክምና ውኃው ተንጣልሎ ረግረግ ይሆናል፤ በዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ በበጋ በደረቀ ጊዜም የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን እየነዱ ወደዚህ ይሰበሰባሉ። ከከብቱ ጋር አብረው የሚውሉት፣ ከሰኮናው ሥር የሚዘለውን ፌንጣ የሚለቅሙት ነጫጭ ወፎች፣ በጭቃው ላይ የሚራመዱት ሽመሎች፣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉት ዝዮችና ዳክዬዎች፣ እንዲሁም የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው በስምጥ ሸለቆው መስመር የሚወርዱት የበጋ እንግዶች፣ ለሚመለከታቸው ሰው የሥነ ፍጥረትን ምሥጢር የሚገልጡ ናቸው። ነገር ግን ረግረጉ ሰውን አያስገባም፤ ተመልካቹ በደረቁ ዳር ቆሞ ሦስት መቶ፣ አምስት መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ ሜትር ርቆ ማየት ይኖርበታል። ከነጭ ሽመሎች መካከል አንዳንዶቹ በአውሮፓ ጫጩት ሳሉ በእግራቸው ላይ ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት የታሰረላቸው ናቸውና፣ ያንን ጽሕፈት ከሩቅ ለማንበብ የሚጥር ሰው የሚያስፈልገው ጥራት ከተኳሽ ጥራት የሚያንስ አይመስለኝም።

ከግዥ ሁሉ በፊት መቅደም ያለበት በገንዘብ የማይገኝ ነገር ነው። በዚህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ብዙ ደም ፈሷል፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከቀየው ተፈናቅሏል፤ ስለዚህ መነጽር አንግቶ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ሲታይ ሰላዩ ማን ነው፣ የሚፈልገውስ ማንን ነው ተብሎ ቢጠረጠር የሚያስደንቅ አይደለም። ተመልካቹ ከቀበሌው የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ፤ ለሽማግሌዎችና ለእረኞች የመጣበትን ጉዳይ በግልጽ ያስረዳ፤ መነጽሩን አስቀድሞ ለእነርሱ ሰጥቶ የራሳቸውን ከብትና የራሳቸውን ወፎች እንዲያዩበት ያድርግ፤ ወደ ኬላ፣ ወደ ሰፈርና ወደ ሰው ደጅ ከቶ አያዙር። ከውጭ አገር መነጽር የሚያስልክም ሰው ጉምሩክ ፈቃድ ሊጠይቅበት እንደሚችል አውቆ፣ ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ቢጠይቅ ገንዘቡን ከኪሳራ ያድናል። ይህን ሁሉ ያላሟላ ሰው ምንም ዓይነት መሣሪያ ባይገዛ ይሻለዋል።

አሁን ወደ መነጽሩ፣ ማለትም በሁለቱም ዐይን ወደሚታይበት የሩቅ ማያ፣ እንምጣ። ሻጭ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የማጕላቱን ቁጥር ነው፤ ገዥም የሚማረከው በዚያው ቁጥር ነው። በመነጽር ላይ 8×42 ተብሎ በተጻፈ ጊዜ የፊተኛው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ የኋለኛውም የፊት ሌንሱ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ ያመለክታል፤ የኋለኛው ለፊተኛው ሲካፈል የሚወጣው 5.25 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከመነጽሩ ወደ ዐይን የሚፈልቀው ብርሃን ስፋት ነው። የሰው ብሌን በቀትር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚከፈት ቢሆንም፣ ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ አዕዋፍም ከሁሉ ይልቅ የሚንቀሳቀሱት በእነዚሁ ሰዓቶች ስለ ሆነ፣ ይህ የብርሃን ትርፍ የቀለምን ልዩነት ለይቶ ለማወቅ እጅግ ይጠቅማል። በየሱቁ የሚታየው 20×50 ግን ለዐይን የሚሰጠው 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከዚህም የሚከፋው የእጅን መንቀጥቀጥ ሃያ እጥፍ አጕልቶ ማሳየቱ ነው። ለአንድ መነጽር ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ያለ ማመንታት ባለ ስምንት እጥፉን ይግዛ ብዬ እፈርዳለሁ። ባለ ስምንቱ ከባለ አሥሩ ይልቅ ሰፊ ሜዳ ስለሚያሳይ፣ ድንገት ብር ብሎ የተነሣ ወፍ ከእይታ ሳያመልጥ ለመከተልም ይመቻል።

ከማጕላት ቀጥሎ፣ በእኔ ግምት ግን ከማጕላት በላይ፣ መመርመር ያለበት የሌንሱ ልባጥ ነው። ያልተለበጠ መስተዋት ብርሃን ሲገባበትና ሲወጣበት በእያንዳንዱ ገጽ ከመቶው አራት ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ በመነጽሩ ውስጥ አሥር ገጽ ቢኖር ከብርሃኑ ሲሶ የሚሆነው ከዐይን ሳይደርስ ይጠፋል ማለት ነው። ይህን ጉድለት በእጅጉ የቀነሰው በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ የፈለሰፈው ስስ ልባጥ ነው። ገዥው መነጽሩን ከመብራት ሥር ይዞ በፊት ሌንሱ ላይ የሚንጸባረቀውን ያስተውል፤ ነጸብራቁ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ልባጥ አለው፤ ነጭና ጕልህ ከሆነ ግን የለውም፤ እንደ ሩቢ ቀልቶ የሚያንጸባርቀውም ለዓይን ማራኪ ይሁን እንጂ ምስሉን የሚያሻሽል አይደለም። ቅርጹን በሚመለከት ደግሞ፣ ጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ፖሮ በ1854 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ ትከሻው ወጣ ወጣ ያለው የፕሪዝም አሠራር፣ ዛሬ ከሚወደደው ቀጥ ያለ ቅርጽ ይልቅ በአነስተኛ ዋጋ ጥሩ ምስል ይሰጣልና፣ ቅርጹ አሮጌ መሰለ ተብሎ አይናቅ።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም በጥቂት ገንዘብ ወደ ጥሩ ሌንስ የሚያደርሰው መንገድ እርሱ ነው። መነጽሩን ክንድን ዘርግቶ ወደ ብሩህ ሰማይ ሲያዩበት በዐይን ማያው በኩል የሚታየው የብርሃን ክብ ሙሉ ካልሆነና ጠርዙ የተቈረጠ ከመሰለ ፕሪዝሙ ርካሽ ነው። ከዚያም በከተማው ካሉት መስጊዶች የአንዱን ሚናራ ጫፍ ከሩቅ በሁለቱም ዐይን መመልከት፣ ቀጥሎም መነጽሩን ቀስ እያሉ ከዐይን ማራቅ ነው፤ ሚናራው ሁለት ሆኖ ቢታይ፣ ወይም ጥቂት ደቂቃ ከተመለከቱ በኋላ ግንባር ቢያም፣ ሁለቱ በርሜሎች ከመስመራቸው ወጥተዋልና ዋጋው ምንም ቢቀንስ አይገዛም። በፊት ሌንሱ በኩል የእጅ ባትሪ አብርቶ ሲያዩ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ እርሱም አይገዛም።

ብዙ ሰው መነጽር ከገዛ በኋላ ልቡ ወዲያው ወደ ቴሌስኮፑ ይሮጣል። እኔ ግን ሁለተኛው ግዥ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ ትራይፖድ የሚሉት፣ መሆን አለበት እላለሁ፤ በደካማ እግር ላይ የቆመ ውድ ቴሌስኮፕ ነፋስ በነፈሰ ቍጥር የሚያሳየው መንቀጥቀጥን ብቻ ነውና። ጥሩ ማቆሚያ ከባድ ነው፤ ቀሎ የተሠራውንም ድንጋይ የሞላ ከረጢት ከመካከሉ ማንጠልጠል ያጸናዋል። ማቆሚያው እስኪገዛ ድረስ የእረኛ በትር ይበቃል፤ መነጽሩን ከበትሩ ጫፍ ጋር በአንድ እጅ አጣምሮ የያዘ ተመልካች፣ ረጅሙን ማሕሌት በመቋሚያው ተደግፎ እንደሚቆም ደብተራ፣ ሳይደክምና ሳይናወጥ ሰዓት ሙሉ ሊቆም ይችላል።

ቴሌስኮፑ የመጨረሻ እንዲሆን የምመክርበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህም የጨፋ አየር ነው። የከሚሴ ምድር ቆላማ ስለ ሆነ፣ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ከምድሩ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ያናውጠዋል፤ በስድሳ እጥፍ የሚያጐላ ቴሌስኮፕም ከወፉ ጋር ይህንን መናወጥ ስድሳ እጥፍ ያጐላዋል። ተኳሾችም ይህንኑ ጠንቅ ያውቁታል፤ ዒላማው በሙቀት ሲዋዥቅ ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ ከዚያ የሚያነቡበት ጥበብ አላቸው። ለእኛ ግን መፍትሔው ከጎሕ እስከ ሦስት ሰዓት ያለውን ጊዜ መጠቀም፣ ፀሐይንም ከጀርባ ማድረግ ነው። በዚያ ሰዓት 20 ወይም 30 እጥፍ የሚያጐላ ቴሌስኮፕ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ የሽመላውን ቀለበት ለማንበብም የእጅ ስልክን ከዐይን ማያው ጋር አስጠግቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ይረዳል። ርቀት በጨረር የሚለካውን መሣሪያ ለተኳሹ እንተውለት፤ ወፍ የሚቈጥር ሰው ሜትሩን በትክክል ማወቅ አያስፈልገውም።

እስካሁን ያልጠቀስኩት መጽሐፍና ደብተር ነው፤ እነዚህም በዋጋቸው ዝቅተኛ ሆነው በማዕርጋቸው ከመነጽሩ ጋር የሚስተካከሉ ናቸው። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን አዕዋፍ ዝርዝር በ1971 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ ያዘጋጁት የአፍሪቃ ቀንድ አዕዋፍ መጽሐፍ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ከነሥዕሉ ወጥቷል። ሥዕል ያለበት አንድ መጽሐፍ ለአምስት ሰው ይበቃል፤ ደብተር ግን ለእያንዳንዱ ያስፈልጋል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የወፉን ስም፣ ብዛቱን፣ ነፋሱንና የውኃውን መጠን በእርሳስ የመዘገበ ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተመራማሪ ትልቅ ውለታ ያውላል። እርሳስን የመረጥኩት ብዕር በጤዛ ስለሚፈስ ነው።

ገንዘቡን አሥር እጅ ለሚያደርግ ሰው፣ ስድስቱን እጅ ለመነጽሩ፣ ሁለቱን ለማቆሚያው፣ አንዱን ለመጽሐፍና ለደብተር ያውጣ፤ አንዱን ያስቀምጠው፤ ቴሌስኮፑን ከዚያ በኋላ ከሌሎች ጋር በማኅበር ይግዛው። የገዛውንም ይጠብቅ። በነጠላ ወይም በጋቢ ጫፍ ሌንስ መጥረግ ልማድ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን በላዩ ያለው አቧራ ልባጡን ይፍቀዋልና፣ አስቀድሞ እፍ ማለት፣ ቀጥሎም በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ በመጨረሻም ንጹሕ ጨርቅ መጠቀም ይገባል። በክረምት በቆዳ ማኅደር ዘግቶ ማስቀመጥም ሻጋታ ይጋብዛልና፣ አየር በሚያገኝ ደረቅ ስፍራ ይቀመጥ።

ጨፋ እየጠበበ ነው፤ ረግረጉ ለእርሻ እየተጠነፈፈ ነው፤ ከላይ ካሉት ከተሞችና ፋብሪካዎች የሚወርደው ፍሳሽም በቦርከና በኩል ወደዚሁ ሜዳ ይደርሳል። ምን ያህል አዕዋፍ እንደ ነበሩና ምን ያህል እንደ ቀሩ በየዓመቱ ካልተቈጠረ፣ የደረሰውን ጉዳት ለሚመለከተው ሹም አስረድቶ ማሳመን አይቻልም። የዓለም የውኃ አዕዋፍ ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ፣ በተለይም በጥር ወር ይደረጋል፤ በአገራችንም በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሙያ ረጅም ልምድ አለው። በከሚሴ፣ በደዋ ጨፋና በሰንበቴ ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ የሥነ ሕይወት መምህራን ሆይ፣ ከክፍላችሁ ተማሪዎች ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ ባለ ስምንት እጥፍ መነጽርና አንድ መጽሐፍ ግዙ፤ ከቀበሌው ደብዳቤ ተቀበሉ፤ እረኞቹን አማክሩ፤ በሚመጣው ጥር ቈጥራችሁም ውጤቱን ለማኅበሩ ላኩ።