አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ መለካት

ዘጠነኛው ሕመምተኛ አንደኛውን መድኃኒት ወስዶ እንቅልፉ ከወትሮው ምንም አልጨመረም፤ ሁለተኛውን ሲወስድ ግን 4.6 ሰዓት ጨመረለት። አምስተኛው ሁለቱም አልሠሩለትም። ሁለቱ የእንቅልፍ መድኃኒቶች የተሞከሩባቸው አሥር ሕመምተኞች በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ ካላማዙ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነበሩ ናቸው። መረጃቸው በ1905 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1908 ደግሞ በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ጠማቂ የነበረው ዊልያም ጎሴት፣ «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ባወጣው ጽሑፍ ምሳሌ አደረጋቸው። የአማካዮች ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችል እንደሆነ የሚመዝነው ቲ-ቴስት የተወለደው በዚያ ጽሑፍ ነው።

አንደኛው መድኃኒት በአማካይ 0.75 ሰዓት ጨመረ፤ ሁለተኛው 2.33። ልዩነቱ 1.58 ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ቀላል አይደለም። ሃያዎቹን ቁጥሮች ከሃያ የተለያዩ ሰዎች እንደመጡ ቆጥሮ የሚያሰላ ግን ቲ 1.86 ብቻ ይወጣለታል። የተለመደው የ5 በመቶ ወሰን 2.10 ስለሆነ፣ «ይህስ በአጋጣሚም ይመጣል» ብሎ ይተወዋል። የእያንዳንዱን ሰው ሁለት ቁጥሮች አቀናንሶ አሥሩን ልዩነቶች ብቻ የያዘው 4.06 ያገኛል። የቁጥሮቹ ብዛት በግማሽ ስለቀነሰ ወሰኑ ወደ 2.26 ከፍ ይልበታል፤ ቢሆንም በሰፊው ያልፈዋል።

ሰባተኛውና አራተኛው ሕመምተኛ ምክንያቱን ያሳያሉ። ሰባተኛው በአንደኛው መድኃኒት 3.7፣ በሁለተኛው 5.5 ሰዓት ጨመረ። አራተኛው በአንደኛው ጭራሽ 1.2 ሰዓት አጣ፤ በሁለተኛው የጨመረው 0.1 ነው። ሁለቱ ሰዎች የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ሲወዳደር ግን ልዩነታቸው 1.8 እና 1.3 ነው፣ ጎረቤታሞች።

ወደ ዘጠነኛው እንመለስ። የሁለቱ ቁጥሮቹ ልዩነት ከሌሎቹ ስለሚርቅ፣ ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያፈጥጠው እሱ ላይ ነው፤ ቲ-ቴስት ወደ ኖርማል ስርጭት እንዲጠጋ የሚፈልገው ልዩነቶቹን እንጂ ሁለቱን ዓምዶች ለየብቻ አይደለምና። ለሙከራ ያህል እሱን አውጥቶ ያሰላ ሰው ይገረማል፦ አማካይ ልዩነቱ ወደ 1.24 ይወርዳል፣ ቲ ግን ወደ 5.66 ይወጣል። ያ አንድ ሰው አማካዩን እየጎተተ ከፍ ቢያደርግም መበታተኑን ይበልጥ አብዝቶት ነበር። (ይህ ሰውየውን ለመጣል ፈቃድ አይሰጥም፤ ውጤቱ በእሱ ላይ እንዳልቆመ ግን ያሳያል።)

የሚነጻጸሩትን እንዲህ ማጣመር የሚሠራው ግን ከመለካት በፊት ነው። በ1930 በስኮትላንድ፣ በላናርክሽር፣ 10,000 ተማሪዎች ለአራት ወር ወተት ሲጠጡ ሌሎች 10,000 ያለ ወተት ለማነጻጸሪያ ቀሩ። በየትምህርት ቤቱ ግን አንደኛው ቡድን በደንብ የተመገቡ ወይም የተጎዱ ልጆች ከበዙበት መምህራን እንዲያቀያይሩ ተፈቅዶላቸው ነበር። ገና ሲጀመር ወተት የማይጠጡት በቁመትም በክብደትም በልጠው ተገኙ። ልጆቹ የተመዘኑት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ በየካቲት ብርድና በሰኔ ሙቀት መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሃያ ሺህ ልጅ ቢሰለፍም ይህን ማረም የሚችል ቀመር የለም። ጎሴት በ1931 ሙከራውን ሲተች አማራጭ አቀረበ፦ 50 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች ይፈለጉ፣ ከየጥንዱ ወተት የሚጠጣውም በሳንቲም ዕጣ ይለይ።