ክብደቱ የሚነገር ፊድ

የፖድካስታችንን ፋይሎች ወደ ሌላ ሰርቨር ያዛወርን ሰሞን ከከሚሴ አንድ አድማጭ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ፓኬጄን በአንድ ሌሊት ጨረሳችሁት» አለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፊዱን፣ ማለትም ስልኮች አዳዲስ ክፍሎችን የሚያገኙበትን ዝርዝር፣ እንደ አዲስ ስሠራ የ40ዎቹንም ክፍሎች መለያ ቀይሬ ኖሯል፤ ስልኩ አዲስ መስለውት ሁሉንም ደግሞ አወረዳቸው። የግማሽ ሰዓት ንግግር በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ሲቀረጽ 14 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። አርባው ሲደመር ከ570 ሜጋባይት ያልፋል።

በጽሑፍ ፊድ ላይ ቢሆን አንባቢው የቆዩ ርእሶችን ደግሞ አይቶ ያልፋቸው ነበር። የጽሑፉም የፖድካስቱም ፊድ የሚሠሩት አርኤስኤስ በተባለው ቅርጸት ነው፤ ርእስ፣ ቀን፣ መግለጫና ሊንክ ይጋራሉ። የለያቸው ሶፍትዌር ሠሪው ዴቭ ዋይነር በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያስገባው «ኢንክሎዠር» የተባለ አንድ መስመር ነው። የድምፁን ፋይል አድራሻ፣ በባይት የተቆጠረ ክብደቱንና ዓይነቱን ይይዛል። የጽሑፍ ፊድ የባቲ የሰኞ ገበያ እንዴት እንደዋለ የሚያወራ መንገደኛ ነው፤ የፖድካስት ፊድ ግን ከዚያው ገበያ ጆንያ አስጭኖ ይልካል። ተረካቢው ኪሎውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አፕል በሰኔ 2005 እ.ኤ.አ. ፖድካስትን ወደ አይቲዩንስ ሲያስገባ የራሱን መስመሮች ጨመረ፦ የሽፋን ሥዕል፣ ምድብ፣ የክፍሉ ርዝመት። እነዚህ ብዙም አያስቸግሩም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የቋንቋው መስመር ነው። ለመላው ፊድ አንድ ቋንቋ ብቻ ይጠይቃል። ከሚሴ ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ጨዋታው በኦሮምኛ ይጀመርና መሐል ላይ አማርኛ ይገባበታል፣ ሳቁ ሲመጣ ተመልሶ ኦሮምኛ ይሆናል። «አማርኛ» ብዬ ብሞላ የእንግዶቻችንን ግማሽ ንግግር የካድኩ ይመስለኛል። ለሁለት ፊድ ብከፍለው ደግሞ ጨዋታውን ከመሐሉ መቁረጥ ነው፤ አንዴ ሞክሬው አድማጩን ብቻ ሳይሆን እኔንም አልጣመኝም። አሁን ፊዱ አንድ ነው፤ ኦሮምኛ ያመዘነበትን ክፍል ርእሱን በኦሮምኛ እጽፋለሁ።

የክፍሎቹን መለያዎች በደብተር ገልብጫቸዋለሁ፤ ሰርቨሩ ቢቀየር አድራሻው ይቀየር እንጂ እነሱን አልነካም። ክብደቱንም የመጨረሻው አርትዖት ካለቀ በኋላ እንደገና እለካና በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ በሜጋባይት አሰፍረዋለሁ። ያንን የጠየቀኝ ያው የከሚሴው ሰው ነው።